ከልብስ ማስጫው አጠገብ ያለው ክፍል

ባለፈው ኅዳር በሦስተኛው ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ የኮሌጃችን አስተዳደር በሴቶች መኝታ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ የሚገኘው የምክር አገልግሎት ክፍል ተዘግቶ ወደ አስተዳደር ሕንፃው፣ ከዲሲፕሊን ኮሚቴው ፊት ለፊት ወዳለው ቢሮ እንዲዛወር በደብዳቤ ወሰነ። አማካሪዋ እኔ ነኝ። የተሰጠኝ ምክንያት አንድ ዐረፍተ ነገር ነው፤ የተገልጋዮች ስምና ፊርማ ያለበት መዝገብ ባለመቅረቡ አገልግሎቱ መሰጠቱን ማረጋገጥ አልተቻለም ይላል። መዝገቡ ያልቀረበው ስለሌለ ነው። የሌለውም ሆን ብዬ ስላልያዝኩት ነው። ለምን እንዳልያዝኩ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ስለዚህ ሳልጠየቅ እናገራለሁ።

እዚሁ ነቀምቴ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ስምንት ሴቶች በአንድ ክፍል እናድር ነበር። የመጣሁት ከቢላ ነው፤ አባቴ የወረዳ ጸሐፊ ስለነበሩ ደንብና መመሪያ ማመን ከቤት ይዤው የወጣሁት ልማድ ነው። ከእኔ በላይ ባለው አልጋ የምትተኛው ዘይነባ ትባል ነበር። ወላጆቿ በድርቁ ዘመን ከወሎ መጥተው አርጆ አካባቢ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። ኦሮምኛን ከብዙዎቻችን አጥርታ ትናገራለች፤ አማርኛዋ ግን ወሎ እንደሆነ ቀርቶ ነበር። አንድ ቅዳሜ ገበያ ውስጥ አንዲት ማንጎ ሻጭ በሁለቱም ቋንቋ ስትከራከራት ሰምታ የማን ልጅ እንደሆነች ብትጠይቃት፣ “እንደ ዋጋው ነው፤ ከቀነስሽልኝ ያንቺ” ብላ መደዳውን ሁሉ አሳቀችው። ዘይነባ እንዲህ ያለች ልጅ ነበረች።

ታኅሣሥ ላይ፣ መንገዱ ደርቆ ቀዩ አቧራ መነሣት ሲጀምር፣ በየጓሮው ቡና ሲለቀም፣ ዘይነባ ከአልጋዋ መውረድ አቆመች። መጀመሪያ የጠዋቱን ትምህርት፣ ቀጥሎ ምሳውን፣ ቀጥሎ ሁሉንም ተወች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትውላለች። ስንጠይቃት “ወላሂ ሸጋ ነኝ፤ እንቅልፍ ብቻ ነው እንቢ ያለኝ” ትለናለች። ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ ካልተፈተነች ዓመቱ ያልፋታል። አባቷ ደግሞ አንድ ዓመት ጨምረው የሚያስተምሩበት አቅም አልነበራቸውም።

የተማሪዎች መመሪያ እንዲህ ያለው ሰው ማክሰኞና ሐሙስ አማካሪ ዘንድ ይቅረብ ይላል። አንብቤው ነበር። ክንዷን ይዤ ወደ አስተዳደር ሕንፃው ወሰድኳት፤ ትክክለኛውን ነገር በትክክለኛው ሰዓት በማድረጌም ኩራት ተሰምቶኝ ነበር። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ ስም፣ የትምህርት ክፍል፣ የመጡበት ጉዳይ ጻፉ አለን። ዘይነባ እስክሪብቶውን ይዛ ብዙ ቆየችና “ራስ ምታት” ብላ ጻፈች። ከዚያ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። አማካሪውን የሚጠብቁትም፣ በጥፋት ተከስሰው የዲሲፕሊን ኮሚቴውን የሚጠብቁትም በዚያው አንድ አግዳሚ ላይ ነበሩ። የምግብ አዳራሹን መስታወት የሰበሩ ሁለት የክፍላችን ወንዶች ከጎናችን ነበሩ።

“ዘይኑ፣ አንቺ ደግሞ ምን ሰበርሽ?” አላት አንደኛው።

“እስካሁን ምንም” አለችና ሳቀች። ውኃ ጠጥታ እንደምትመለስ ነግራኝ ተነሣች። አልተመለሰችም።

እራት ላይ ሦስት ወሬ ደርሶ ነበር። ሰርቃ ተይዛለች፤ አርግዛለች፤ መምህር ተሳድባለች። ፊት ለፊት የተናገራት ማንም የለም። ገበታ ላይ ግን ቦታ ለቀቁላት፤ ለአንድ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ ለቀቁላት። በማግስቱ ሻንጣዋን አወረደች።

የሕንፃው ፕሮክተር አዴ ጫልቱ የጨለለቂ ሰው ነበሩ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሴትዮ። በጨርቅ የተጠቀለለ ትኩስ ቅቅል አንጮቴ፣ የወለጋውን ሥራሥር፣ ይዘው ገቡ። ምን ሆንሽ አላሏትም። “ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ብርድ ልብሶቹን ፀሐይ ላይ ላሰጣ ነው፤ አንዱን ጫፍ ያዢልኝ” አሏት። እምቢ የሚባሉ ሴትዮ ስላልነበሩ ወረደች። እኔ ደረጃው ላይ መጽሐፍ ይዤ ተቀምጬ ነበር። በሁለቱ መካከል ብርድ ልብሱ ተዘርግቷል፤ አንዳቸው የሌላቸውን ፊት አያዩም።

“አዴ፣ መጽሐፉ ፊቴ ተከፍቶ ፊደሉ አይገባልኝም። አብጃለሁ እንዴ?”

“አላበድሽም፤ ታመሻል። እኔም ባሌ የሞተ ዓመት እንዲህ ነበርኩ። ነገም ብርድ ልብስ አለ፤ ነገም ነይ።”

ዘጠኝ ቀን አብረው ብርድ ልብስ አሰጡ። በአምስተኛው ቀን ዘይነባ ምግብ አዳራሽ ገባች፤ በሰባተኛው የእኔን ደብተር ተዋሰች። በዐሥረኛው ቀን የተማሪዎች ዲን አዴ ጫልቱን በሥራ ሰዓት ተማሪ አልጋ ላይ ተቀምጠው አገኟቸው። ሥራቸው አልጋ መቁጠር እንደሆነ ተነግሯቸው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። ጫፍ ያዢልኝ የሚላት ሲጠፋ ዘይነባ ፊቷን እንደገና ወደ ግድግዳው አዞረች፤ በዚያው ሳምንት እስከ መናኸሪያ ሸኘኋት።

የአርጆው አውቶብስ ሊነሣ ሲል፣ “አትዘኚ” አለችኝ። “የምታውቂውን መንገድ ነው ያሳየሽኝ።”

ተመልሳ አልመጣችም፤ መምህርም አልሆነች። ይቅርታዋን እስከ ዛሬ አልተቀበልኩትም፤ ምክንያቱም ወደዚያ አግዳሚ ስወስዳት መሄድ ትፈልግ እንደሆነ አልጠየቅኋትም ነበር፤ መጠየቅ ነበረብኝ።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዲግሪ ይዣለሁ። ስለ ምክር አገልግሎት ያነበብኩት ሁሉ አዴ ጫልቱ በዘጠኝ ቀን ያደረጉትን አላፈረሰብኝም፤ የጎደላቸውን ግን አሳይቶኛል። እሳቸው ሕመሙን አውቀው ሕክምናውን አያውቁም ነበር። እኔ ሁለቱንም አውቃለሁ። ወደዚህ ስመለስ የጠየቅሁት አንዲት ክፍል ብቻ ነው፤ ተማሪ ሁሉ ባልዲ ይዛ የምታልፍበት፣ ከልብስ ማስጫው አጠገብ። አንዷ ሳሙና ልትዋስ ትገባለች፣ ሌላዋ ልታለቅስ፤ ከውጭ የሚያይ ሰው ለይቶ አያውቅም። ሆስፒታል የሚያስፈልጋትን ራሴ ይዤ እሄዳለሁ። ይህ አሠራር ትክክል ነው። በዚህ ጉዳይ ጥርጣሬ የለኝም፤ ትሕትናም የለኝም።

ቁልፉን የፊታችን ዓርብ እንዳስረክብ ታዝዣለሁ። በዚያ ፎቅ ለሦስት ቀን ከአልጋዋ ያልወረደች አንዲት ተማሪ አለች። ስሟን ለእናንተ፣ ለአስተዳደሩ፣ አልነግራችሁም፤ የአልጋዋን ቁጥር ግን መዝገባችሁ ላይ ታገኙታላችሁ። ዛሬ ሁለት ጉርሻ በልታልኛለች። ቅዳሜ ጠዋት ደረጃውን ወጥቶ ሦስተኛውን የሚያጎርሳት ሰው ማን ነው? የኃላፊነቱን ስያሜ አልጠየቅሁም። የሰውየውን ስም፣ በጽሑፍ፣ እስከ ሐሙስ እጠብቃለሁ።