ሳይመራ የሚሄድ ፋይል

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ መሥሪያ ቤቱ በኮንትራት መልሶ ሲጠራኝ፣ እንደ ድሮው ፋይል ላወጣና ልመልስ መስሎኝ ነበር። ሌላ ሥራ አላውቅም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ መዝገብ ቤት ገባሁ፤ ከዚያው ክፍል ጡረታ ወጣሁ። መሥሪያ ቤታችን በየካ የነዋሪዎችን ማህደር ይይዛል። ሰው የነዋሪነት ማረጋገጫ ሲፈልግ፣ ቤተሰቡ ላይ ሰው ሲጨመር ወይም ሲቀነስ ማመልከቻ ይዞ ወደ እኛ ይመጣል። ማህደሩ ይወጣል፣ ባለሙያ ያየዋል፣ ወረቀቱ ተጽፎ ማህተም ይመታበታል። ሲነገር አጭር ነው።

የተጠራሁት ግን እንድናገር ነበር። ማህደሩ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ሊገባ ታስቧል፤ ሥራው እንዴት እንደሚሄድ ለሚነድፉት ሰዎች የሚያስረዳ ሰው ያስፈልጋል አሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ንድፉን ለግምገማ ማቅረብ አለበት። ኢንተርፕራይዝ አርክቴክቸር ይሉታል። መጀመሪያ ስሰማ የሕንፃ ፕላን መሰለኝ። ቆይቼ ስረዳው ከዚያ ብዙ አይርቅም። ገምጋሚዎቹ ሥራችሁ ዛሬ እንዴት ነው የሚሄደው ይላሉ፤ ነገስ እንዴት እንዲሄድ ትፈልጋላችሁ፤ ሌላው መሥሪያ ቤት የሠራውን እናንተ ለምን እንደገና ትሠራላችሁ። እነሱ ካላጸደቁት አንድ ኮምፒውተር እንኳ አይገዛም። በጀት ዓመቱ ሳይዘጋ ካልጸደቀ ደግሞ የተያዘው በጀት ይመለሳል፤ በሚቀጥለው ዓመት የሚያስታውሰው ሰው አይኖርም። ይህን ከኃላፊው እስከ ጥበቃው ሁላችንም እናውቅ ነበር።

እኔ እሺ ያልኩት በአንድ ቄስ ምክንያት ነው። ጡረታ ልወጣ አካባቢ ለጥቂት ጊዜ ታምሜ ቤት ሰንብቼ ነበር። ስመለስ በመዝገብ ቤቱ መስኮት በኩል አንድ ሽማግሌ ቄስ ቆመዋል። ከእንጦጦ ላይ ነው የሚመጡት። የልጅ ልጃቸውን ትምህርት ቤት ለማስገባት የነዋሪነት ማረጋገጫ ጠይቀው፣ እኔ በሌለሁበት ተመላልሰዋል። ማመልከቻቸውን ፈለግኩና አገኘሁት። አልተመራም።

ይህን ላስረዳ። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ማመልከቻ ገብቶ በቀጥታ ለባለሙያ አይሄድም። ኃላፊው ጥጉ ላይ በእጁ ለማን እንደሚሄድ ይጽፍበትና ይፈርማል። መምራት የሚባለው ይህ ነው፤ ጽሑፉም ምሪት ይባላል። ኃላፊው ስብሰባ ከሄደ ማመልከቻው ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀዋል።

«አባቴ፣ ኃላፊው ስብሰባ ስለነበሩ ነው» አልኳቸው።

«ቁልቁለቱን እችለዋለሁ» አሉኝ፤ «ዳገቱ ነው። እናንተ ቁጭ ብላችሁ ስለምትውሉ ሁለቱንም አታውቁትም።»

በዚያው ዕለት ጨርሼ ሰጠኋቸው። ንግግራቸው ግን አብሮኝ ቀረ።

የኮምፒውተሩን ሥርዓት የምትነድፈው ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ብዙ ያልቆየች ልጅ ናት። አያት ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው፤ ማለዳ ባቡር ይዛ ትመጣለች። ጎበዝ ናት። አንድ ነገር ሲገባት ፊቷ ላይ ይታያል፣ ሳይገባትም ይታያል። እትዬ ነው የምትለኝ። የዛሬውን አሠራር ስትስል ግን እኔን ከመጠየቋ በፊት ግድግዳችን ላይ የተለጠፈውን የዜጎች ቻርተር ነበር የገለበጠችው። ቻርተሩ ለሕዝብ የገባነው ቃል ነው፤ ማመልከቻ ይገባል፣ ኃላፊው ይመራል፣ ባለሙያው ይሠራል፣ ጊዜው ግማሽ ሰዓት። በትልቅ ፊደል፣ በመስታወት ውስጥ። ንድፉን ሁላችንም አየነው፤ የተጻፈው የመንግሥት ቃል ስለሆነ ማንም ስህተት አለው አላለም። ኃላፊው አንድ ነገር ብቻ አዘዘ።

«ምሪቴ አዲሱም ላይ ይኑር» አለ። «ያለ እኔ ምሪት ፋይል አይንቀሳቀስም።»

ልጅቷ የምሪቱን ሣጥን ነገ ተብሎ በተሳለው ሥዕል ላይም ጨመረችው።

ግምገማው ጉርድ ሾላ አካባቢ ባለ ሕንፃ ላይ ነበር። ገምጋሚዎቹ ከጠረጴዛው ወዲያ ተቀምጠዋል፤ የምትመራቸው መነጽር ያደረገች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። ልጅቷ ሥዕሉን ግድግዳው ላይ አብርታ አስረዳች። ደህና ነበር የተናገረችው። ሴትዮዋ እስከ መጨረሻው ሰማቻትና ወደ መጀመሪያው ሥዕል መልሺልኝ አለቻት።

«ዛሬ አንድ ማመልከቻ ምን ያህል ይፈጅባችኋል?»

«ግማሽ ሰዓት» አለ ኃላፊው።

«አዲሱ ሥርዓት ሲመጣስ?»

ልጅቷ ሥዕሉን አየች። እዚያም ያው ግማሽ ሰዓት ነበር።

«እንግዲያው ኮምፒውተሩ ምን ሊያደርግላችሁ ነው?»

«ለማዘመን ነው» አለ ኃላፊው።

«ማዘመን ጥሩ ነው» አለች ሴትዮዋ። «ግን እኔም እኮ እዚሁ ከተማ ነው የምኖረው። በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ ነገር ካላችሁ ቦታውን ንገሩኝ፣ ነገውኑ ልዛወር።»

ከጎኗ ያሉት ሳቁ። እኛ አልሳቅንም። የተመለሰልን አስተያየት አጭር ነበር፤ የዛሬው አሠራር እንደተጻፈ ሳይሆን እንደሚሠራ ይቅረብ፣ በአዲሱ ንድፍ ላይ ያለው ምሪት ምን ጥቅም እንዳለው ይብራራ፣ ካልሆነ ይውጣ።

ኃላፊው በመሥሪያ ቤቱ መኪና ሄደ። እኛ ታክሲ ያዝን። ልጅቷ ላፕቶፗን ደረቷ ላይ አቅፋ መስኮት ዳር ተቀመጠች።

«አለቀልን፣ እትዬ» አለችኝ። «ዓመቱ ሊዘጋ ነው። እሳቸውም ምሪቱን አያስወጡም።»

«አላለቀም።»

«እንዴት?»

«ነገ ሥዕል ይቅርብሽ። ጠዋት መጥተሽ መዝገብ ቤት ከእኔ ጋር ተቀመጪ።»

መጣች። መስኮቱ ጋ እኔን የተካችው ሴት ትሠራለች፤ ብዙ ዓመት አብረን ስለሠራን እጇ እንደ እጄ ነው። ኃላፊው ስብሰባ ሄዷል። ማመልከቻ ሲመጣ መዝግባ፣ ማህደሩን አውጥታ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጋ ለሚመለከተው ባለሙያ ታሻግራለች። ልጅቷ ለጥቂት ጊዜ ስታይ ቆየችና አንዱን ማመልከቻ ብድግ አደረገች።

«ቆይ፣ ይሄ አልተመራም እኮ።»

«ይመራል» አለቻት ሴትዮዋ፣ ሥራዋን ሳታቆም።

«መቼ?»

«ሲመለሱ።»

«ለሌላ ሰው ቢመሩትስ?»

«ለማን? የነዋሪነት ማረጋገጫ የሚሠራው አንድ ክፍል ነው። ለጥበቃው ይመሩታል?»

ማታ ኃላፊው ሲመለስ የተሠሩት ማመልከቻዎች ተደርድረው ገቡለት። በሁሉም ጥግ ላይ አንድ ዓይነት ነገር ጻፈ፣ ፈረመ። ሥራው አልቋል፤ ምሪቱ ከኋላ ደረሰበት። እኔም ዘመኔን እንዲሁ ነበር የሠራሁት። ከእኔ በፊት የነበረችውም እንዲሁ። ማንም አላስተማረንም፣ ማንም አልከለከለንም።

ልጅቷ ፊቷ በራ። «ታዲያ እኮ ይሠራል! ችግሩ የቱ ጋ ነው?»

ያን ጊዜ የቄሱን ነገር ነገርኳት። እኔ ስታመም መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሰው ከሌላ ክፍል የተላከ ነበር። ደንቡን ነው የሚያውቀው፤ በደንቡ መሠረት ምሪት ጠበቀ። ምንም አላጠፋም። ሥራችን የሚሄደው ደንቡን የምታልፍ ሴት መስኮቱ ላይ ስትኖር ነው። እሷ ስትታመም ከእንጦጦ የወረደ ሰው ባዶ እጁን ይወጣል። የኮምፒውተሩ ጥቅም ካለ ይኼ ነው አልኳት፤ ሰው ሲመጣ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ለውጥ እንዳያመጣ።

ላፕቶፗን ከፈተች።

አዲሱን ጽሑፍ በጥቂት ቀን ጨረሰችው። የዛሬው አሠራር በሁለት መንገድ ተሳለ፤ ምሪት ሲጠበቅና ምሪት ሳይጠበቅ። ቻርተሩ ላይ ካለው ጊዜ ጎን እውነተኛው ተጻፈ። በአዲሱ ሥዕል ላይ የምሪቱ ሣጥን ወጥቷል። አሁን ኃላፊው ሸኚ ደብዳቤው ላይ መፈረም ነበረበት፤ ያለ እሱ ፊርማና ያለ ክብ ማህተም አይቀርብም። እኔና እሷ አብረን ገባን።

ቁጭ ብሎ አነበበ። አንዱን ገጽ ሁለቴ አነበበው።

«ይኼን የምፈርመው እኔ ነኝ?» አለኝ።

«እርስዎ ነዎት።»

«ቻርተሩን አናከብርም፣ ኃላፊው ሳያየው ፋይል ይሄዳል፣ ብዬ? በማህተም?»

«ስምዎ አልተጻፈም።»

«መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ስንት ኃላፊ አለ፣ እናቴ?» ወረቀቱን አስቀመጠው። «ሳልመራው የሚያሳልፈው ማን ነው?»

ልጅቷ ወደ መሬት አየች። መስኮቱ ላይ ያለችው ሴት ገና ጡረታዋ ሩቅ ነው፤ ልጆች አሏት።

«እኔ ነበርኩ» አልኩት። «አሁንም እንደዚያው እንዲሠራ የተውኩት እኔ ነኝ።»

አየኝ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ለጠጥ አለ።

«አውቃለሁ» አለ። «ስብሰባ ላይ ተረጋግቼ የምቀመጠው ለምን ይመስልዎታል?»

ይህን ሁሉ ዘመን ተደብቀን የምንሠራ መስሎን ነበር።

«ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለ፣ አሁን ሳይቀልድ። «ያልኖረ ሰው ኖሯል ተብሎ ማረጋገጫ ቢወጣ ማን ነው የሚጠየቀው? እኔ ነኝ። ምሪቴን አውጥታችሁ ተጠያቂነቱን እኔ ላይ ልትተዉት ነው?»

ይህ እውነት ነበር። እኔ አላሰብኩበትም፤ ልጅቷም አላሰበችበትም። ግን ሐሳቡ የመጣላት እዚያው ቆማ ነው።

«ሁሉንም ያያሉ» አለችው። «ማመልከቻ እንደገባ ይደርስዎታል። የተጠራጠሩትን ያቆማሉ። ያላቆሙት ግን እርስዎን አይጠብቅም።»

«ስብሰባ ላይ ሆኜስ?»

«ስልክዎ ላይ ይመጣል።»

«እንግዲህ ስብሰባውንም አበላሻችሁብኝ» አለ። አልፈረመም። «ላስብበት፣ ይቀመጥ።»

ይቀመጥ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠ ወረቀት ሌላ ወረቀት ይጫነዋል፣ በዚያ ላይ ሌላ። በማግስቱ ጠዋት ከቀበና ከቤቴ ተነሥቼ፣ ሥራ ሳይጀመር ደርሼ የጸሐፊዋ ክፍል ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ኃላፊው ሲገባ ተነሥቼ ሰላም አልኩት፣ ሲወጣም ተነሣሁ። ምንም አልጠየቅኩም። ምሳ ሰዓት ጸሐፊዋ ይሂዱ፣ ሲፈርሙ እደውልልዎታለሁ አለችኝ። ቤት ብሄድም የምሠራው የለም አልኳት። በሚቀጥለውም ቀን እዚያው ነበርኩ። ከሰዓት በኋላ በሩን ከፈተና አንገቱን አወጣ።

«እናቴ፣ ቻርተሩ ላይ ያለውን ግማሽ ሰዓት 'ግባችን' በሉልኝ።»

«ግባችን ይባላል።»

«ማቆሚያው ስልኬ ላይ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ።»

«ተጽፏል። ልጅቷ ትላንት አስተካክላዋለች።»

ፈረመ። ማህተሙን ራሴ አስመታሁ።

ሁለተኛው ግምገማ ላይ መነጽር ያደረገችው ሴት አልቀለደችም። የዛሬውን አሠራር ያሳየውን ገጽ ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የሰዎችን ማንነት እንደገና እንዳትመዘግቡ፣ ከብሔራዊ መታወቂያው ጋር ተገናኙ አለች፤ ልጅቷ ለዚያ ተዘጋጅታ ነበር። የቀረው ጥያቄ ኃላፊው ማቆም ይችላል በሚለው ላይ ነበር። ያቆመበትን ምክንያት ካልጻፈ እንዳያቆም ይሁን አለች። ኃላፊው ልጅቷን አየ፣ እኔን አየ። «ይጻፍ» አለ።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ሰኔ እያለቀ ነበር። እንጦጦ ጠዋት ጠዋት በጉም ይሸፈን ጀመር፤ መስኮታችን ጋ የሚቆመው ሰው ጥላውን እያራገፈ ነው የሚገባው። ልጅቷ ወደ እኔ ክፍል በየምክንያቱ ትመጣለች፤ ለምን እንደመጣች አልጠይቃትም፣ እሷም አትነግረኝም።

ደብዳቤው አንድ ቀን ከቀትር በኋላ በመልእክተኛ እጅ መጣ። የተካችኝ ሴት ፈርማ ተቀበለችና መዘገበችው። ፖስታው እንደ ማንኛውም ገቢ ደብዳቤ ተከፈተ። ከትከሻዋ በላይ ሆኜ አነበብኩት። ጸድቋል፤ ሥራው ሲጀመር የሙከራ ውጤት እንዲቀርብ በሚል ግዴታ። በጀት ዓመቱ አልተዘጋም።

ሴትዮዋ ደብዳቤውን ለኃላፊው በሚገባው ክምር ላይ ልታደርገው እጇን ዘረጋች። እሱ ስብሰባ ሄዶ ነበር። ከእጇ ወሰድኩት።

«አልተመራም እኮ» አለችኝ፣ እየሳቀች።

«ይመራል» አልኳትና ልጅቷ ወዳለችበት ፎቅ ደረጃውን ወጣሁ።