ወንድም ጋሼ ያልጨረሰው ሥልጠና

የመጨረሻው ደህና ቀን ማክሰኞ ነበር። እኔ ያን ቀን ተናድጄ ነው ያመሸሁት። ይህን ቀድሜ ልናገር፤ አለዚያ ስጽፈው ቀኑን ማሳመር ይቃጣኛል።

ወንድሜ በባቡር ጥገና ክፍል አለቃ ነበር። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ ወንድም ጋሼ ነበር የምለው። በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ድሬዳዋ ላይ አዲስ የመንግሥት ኮሌጅ ሲከፈት ለአስተዳደር ቦርዱ ከነዋሪው አንድ ሰው ይመረጥ ተባለና እሱን መረጡት። ለምን እሱን እንደሆነ አላውቅም። ምናልባት ስብሰባ ላይ ዝም ስለሚል ይሆናል። እሱ ግን ደስ አለው። ደስታው ሳይበርድ ከአዲስ አበባ ደብዳቤ መጣ። ማንኛውም የቦርድ አባል የሦስት ቀን ሥልጠና መውሰድ አለበት፤ ሦስቱንም ቀን ያልፈረመ አባል ሆኖ አይቆጠርም ይላል።

አሠልጣኙ በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስና ከረባት ያደረገ ሰው ነበር። እኛ ድሬዎች ትልቁንም ትንሹንም አንተ ማለት ነው የለመድነው። ወንድሜ በመጀመሪያው ቀን እጁን አውጥቶ «አንተ፣ አቦ መስኮቱን ክፈተው» አለው። ከዚያ በኋላ እስከ ምሳ ድረስ የተማሩት «ክቡር ሊቀ መንበር» ብሎ ፈቃድ መጠየቅን ነው። ወንድሜ ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። እኔም ስቄአለሁ። ሰኞ ነው ይሄ።

ችግሩ ወረቀቱ ነው። የሚታደለው ወረቀት ሁሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ወንድሜ ደግሞ ከፈረንጅ ቋንቋ የሚያውቀው የባቡሩን ፈረንሳይኛ ብቻ ነው። እንግሊዝኛው የኔ ነበር፤ ሁለተኛ ደረጃ የጨረስኩት በዚያው ዓመት ነው። ስለዚህ ፀሐይ ስትበርድ በረንዳው ላይ እንቀመጣለን። እኔ አነብና ወደ አማርኛ እመልሳለሁ፣ እሱ በእርሳስ ይጽፋል።

አሁን የኔን ነገር ልናገር። እዚያው ኮሌጅ ለመግባት አመልክቼ ነበር፤ ግን የሒሳብ ውጤቴ ትንሽ ጎደለ። እንደኔ ትንሽ የጎደለባቸውን ልጆች ጉዳይ ቦርዱ ቅዳሜ፣ በመጀመሪያው ስብሰባው አይቶ ይወስናል ተባለ። ስሜ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ወንድሜ ቦርዱ ውስጥ አለ። ይህን አንድም ቀን በአፋችን ተነጋግረንበት አናውቅም። እኔ ግን ከዚህ ሌላ የማስበው ነገር አልነበረኝም። ካልተቀበሉኝ ጥገና ክፍል ገብቼ ዘይት ጠራጊ መሆኔ ነው።

ማክሰኞ የሁለተኛውን ቀን ወረቀት አመጣ። የሚስቱ፣ የልጁ ወይም የወንድሙ ጉዳይ ለቦርዱ የቀረበበት አባል አስቀድሞ በጽሑፍ ያስታውቃል፤ ጉዳዩ ሲታይም ከክፍሉ ይወጣል ይላል። ዓረፍተ ነገሩን ተርጉሜ ከጨረስኩት በኋላ ነው ስለ ማን እንደሚናገር የገባኝ። ሳልደናቀፍ ስተረጉም እንዲያይልኝ ፈልጌ ሮጥኩበት። ብዘለው ኖሮ አያውቅም ነበር።

እርሳሱን አቁሞ ድገመው አለኝ። ደገምኩት። በሁለተኛው ላይ ሚስትና ልጅ ብዬ አለፍኩ።

«ቅድም ወንድም ብለህ ነበር» አለኝ።

አዲስ ወረቀት አወጣ። ወንድሜ አመልካች ነው የሚል አራት መስመር ጻፈ፤ ፈረመበት። ከዚያ ወደኔ ገፋው። የኔ የእጅ ጽሑፍ ያምራል፤ ደብዳቤውን ሁሉ በቀለም የምገለብጥለት እኔ ነኝ።

«ገልብጥልኝ። ነገ ይዤው እሄዳለሁ።»

«ወንድም ጋሼ፣ የኔ ጉዳይ ሲነሳ አንተ ደጅ ልትቆም ነው?»

«ደጅ አይደለም። ኮሪደሩ ላይ።»

«ታዲያ ቦርድ መግባትህ ለኔ ምን ጠቀመኝ?»

አሰበበት። እንዲህ ስትጠይቀው የምር ያስብበታል፤ ይህ ነው የሚያናድደኝ። «ላንተ ብዬ አልገባሁም» አለ።

ራስህ ገልብጠው፣ እኔ ጸሐፊህ አይደለሁም አልኩት። አልተቆጣም። ወረቀቱን አጥፎ ሚስማር ላይ በተሰቀለው ሸሚዙ ኪስ ከተተው። ራቱን በላ። እኔ አልበላሁም። እንደዚህ ነው ያለቀው።

ረቡዕ ማለዳ ለሦስተኛው ቀን ሊሄድ ተነሳ። ሳሙናውን ይዞ ወደ ግቢው ቧንቧ ሲወጣ ሰምቼዋለሁ። የተኛሁ አስመሰልኩ፤ ኩርፊያዬ አልወጣልኝም ነበር። ባልዲው ሲወድቅም አልተነሳሁም። ጎረቤታችን መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥላ በአማርኛ ስትጠራኝ ነው የወጣሁት። ቧንቧው እንደተከፈተ ነበር። ሐኪም ቤት ልቡ ነው አሉን። በድሬ ሙቀት ሬሳ አያድርም፤ ከሰዓት በኋላ ቀበርነው።

ከቀብር ስንመለስ አብሮት ሲሠለጥን የነበረ አንድ ነጋዴ፣ እሱም የቦርድ አባል ነው፣ አጠገቤ ተቀመጠ። ሲያጽናናኝ ቆየና ጎንበስ ብሎ፣ «ስለ ቅዳሜው አታስብ። የሱ ወንድም አይደለህ እንዴ» አለኝ።

ደስ አለኝ። ገና አፈሩ ከጫማዬ ሳይራገፍ ደስ አለኝ። ይህን መደበቅ አልችልም። ወዲያው ደግሞ በራሴ ላይ የሆነ ነገር... ቃሉን አላገኘውም።

ሐሙስ ጠዋት ሰው ድንኳኑ ውስጥ እንደተቀመጠ ወደ ቤት ገባሁ። ሸሚዙ ሚስማሩ ላይ ነበር። ወረቀቱን አውጥቼ አራቱን መስመር በቀለም ገለበጥኩት። ጽሑፌ እንደ ወትሮው አላማረም። የእርሳሱን ከቀለሙ ጋር በስፒል አያይዤ ወጣሁ። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ወዴት ይሄዳል እያሉ ከኋላዬ ሲነጋገሩ ሰማሁ። የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ተሻግሬ ኮሌጁ ጽሕፈት ቤት ደረስኩ።

የቦርዱ ጸሐፊ ከወንበሩ ተነስቶ ነፍስ ይማር አለኝ። ወረቀቱን አነበበ። ከዚያ የፊርማውን መዝገብ ከፍቶ በጣቱ ወረደ።

«ሁለት ቀን ነው የፈረመው» አለ። «ሦስተኛው ባዶ ነው።»

«በሦስተኛው ቀን ሞቷል።»

«አውቃለሁ። ግን ሥልጠናውን ያልጨረሰ አባል አይደለም። አባል ያልሆነ ሰው ይህን ማስገባት አይችልም።» ወረቀቱን መለሰልኝ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ላንተ እኮ ጥሩ ነው። እዚህ የማንም ወንድም አይደለህም ማለት ነው፤ ቢያስገቡህ በዝምድና ነው የሚል አይኖርም።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ሊረዳኝ ፈልጎ ነው። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ብዕር አነሳሁ። ከገለበጥኩት በታች፣ ከላይ የተጻፈው እውነት ነው፣ ወንድሙ ነኝ ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። እኔ አመልካች ነኝ፤ አመልካች ደብዳቤ ማስገባት ይችላል አልኩት። ገቢ አድርገህ ማኅተም ምታልኝ አልኩት።

ምን ይጠቅምሃል አለኝ። ወረቀቱን ወደሱ ገፋሁት። የገቢ መዝገቡ ሌላ ክፍል ነው ብሎ ሊያመጣ ሲወጣ ወንበር አሳየኝ። አልተቀመጥኩም፤ እስኪመለስ ቆሜ ጠበቅሁት።