የተነቀለው ገመድ

ኮምፒውተር ጠጋኙን ሰፈሩ «ንቀሉ» ይለዋል። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ሳይነካ በሌላ ዲስክ ላይ ሁለተኛ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫንልኝ ያለው ሁሉ፣ ሰላምታው ሳያልቅ «መጀመሪያ የአሮጌውን ገመድ ንቀሉ!» ይባላል። የሚነቅለው ግን ራሱ ነው፤ ማንን እንደሚያዝ እንጃለት። ደንበኞቹ ይስቃሉ። ይሳቁ፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ከአራት ዓመት በፊት ታላቅ እህቱ የሟች ባሏን ኮምፒውተር ከአንድ አዲስ ዲስክ ጋር አመጣችለት። ባልየው ታሞ በተኛባቸው ወራት ለእሷና ለልጃቸው ድምፁን እየቀዳ እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ አኑሮላቸዋል፤ እሷ ግን ለመስማት ገና ድፍረቱ አልነበራትም። «ለልጅቷ መማሪያ የሚሆን ሲስተም በአዲሱ ዲስክ ላይ ጫንላት፤ የአባቷን እንዳትነካው» አለችው። ምን ችግር አለው ብሎ ሁለቱንም እንደሰካ ጀመረ። ስክሪኑ ላይ መጠናቸው እኩል የሆነ ሁለት ዲስክ ተዘረዘረ። እሱ ከጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ጋር ወሬ ይዟል፤ አንዱን መረጠና «አጥፍተህ ጫን» የሚለውን ተጫነ። የሟቹን ነበር።

እውነቱን መናገር ሞት ሆነበት። «ትንሽ ተበላሽቷል፣ አወጣዋለሁ» አላት። ያልሞከረው የጠፋ ፋይል መመለሻ ፕሮግራም የለም፤ በመጨረሻ የተገኘው የሦስት ሰከንድ ድምፅ ነው፤ ሰውየው ሊናገር ሲል ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ ያበቃል። ዲስኩን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። ሱቁ ጭር ሲል ግን ያ የጉሮሮ ጠረጋ ከኋላው ይሰማዋል፤ ስንቴ ዞሮ አይቷል መሰላችሁ!

እህቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ትመጣለች። «እንዴት ሆነ?»

«እየሞከርኩ ነው፣ እትዬ።»

ዛሬም መጥታ በርጩማው ላይ ተቀምጣለች። እሱ የአንድ አስተማሪ ኮምፒውተር ከፍቶ፣ እንደ ልማዱ የአሮጌውን ዲስክ ገመድ ነቀለ። እጁን ስታይ ቆይታ፣

«የኔን ጊዜ ነቅለኸው ነበር?» አለችው።

መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

«አልነቀልኩትም» አለ። «ጠፍቷል፣ እትዬ። እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ይኸው አራት ዓመት ስዋሽሽ።»

አልጮኸችም፤ ብትጮኽ በቀለለው። «ምንም አልቀረም?» አለች ቀስ ብላ።

መሳቢያውን ከፍቶ ዲስኩን ሰካው። ድምፅ ማጉያው ትንሽ ሽሽ አለና ሟቹ ጉሮሮውን ጠረገ።

እህቱ ስሟን እንደተጠራ ሰው ከበርጩማው ብድግ አለች።

«አቤት!» አለች።