ስም ሰባት ጊዜ በሚለወጥበት አገር

ከአገር በምወጣበት ዋዜማ ማታ አባቴ ቤት ራት ላይ ነበርን። አባቴ የገነተ ማርያም መሪጌታ ናቸው፤ ለግዕዝ ሰዋስው እንጂ ለካርታ ብዙም ግድ የላቸውም። የምሄድበትን አገር ስም ደጋግመው አስጠሩኝና ያ በሬዲዮ ጦርነት አለበት የሚባለው እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎ አልኋቸው።

"ከተኩስ ወደ ተኩስ የሚሰደድ ሰው ገና አንተን አየሁ" አሉ።

ምክንያቴ ግልጽ ነበር። ሚስቴ ኦክሳና ዩክሬናዊት ነርስ ናት። እሷ የልደትን በዓል ልታይ፣ እኔ በጋዜጠኝነቴ ልዘግብ ላሊበላ ተገናኝተን ነው የተጋባነው። ኋላ እናቷ ሲታመሙ ወደ ልቪቭ ተመለሰች፤ ጥላቸው አትወጣም። ስለዚህ እኔ እገባለሁ። የእናት ነገር ሲነሳ አባቴ ክርክሩን ተዉት። መርቀውኝ ሲያበቁ አንድ ማሳሰቢያ ጨመሩ።

"በሰው አገር ሰላምታ አታሳጥር። ጉዳዩን ከሰላምታው የሚያስቀድም ሰው ሌባ ይመስላል።"

የዩክሬን ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላን ዝግ ስለሆነ በፖላንድ በኩል በባቡር ገባሁ። ድንበር ላይ አንድ ወታደር ፓስፖርቴን እያገላበጠ ሰዉ የሚሄደው በዚያኛው በኩል ነው አለኝ። ሚስቴ በዚህኛው በኩል ናት አልሁት። አገሬ ሰላም መሆኑን ጠየቀኝ። ያልተረጋገጠ ነገር መናገር ልማዴ አይደለም፤ እንደናንተው ነው፣ የሚያስጠነቅቅ ሳይረን ብቻ የለንም አልሁት። ማህተሙን መታልኝ።

የልቪቭ ብርድ አላስደነገጠኝም፤ የደጋዋን የፍላቂትን ውርጭ ለሚያውቅ አዲስ ነገር የለውም። ግሬችካ የሚሉት እህላቸው ሲበስል የተቆላ ገብስ ይሸታል። ዓይኔን ጨፍኜ ስበላው አገሬ ነኝ፤ ስገልጥ ግን ማንኪያ ይዣለሁ። ያስደነገጠኝስ ቋንቋው ነው።

አጀማመሩ ያታልላል። "ነው" እና "ነኝ" የሚባል ጣጣ የለም፤ "ያ ዡርናሊስት" ትላለህ፣ እኔ ጋዜጠኛ፣ አለቀ። ከዚያ ስም ሰባት ጠባይ እንዳለው ይነግሩሃል። መጽሐፍ ክኒሃ ነው፤ ስታነበው ክኒሁ ይሆናል፣ ሲጠፋብህ ክኒሂ፣ ውስጡ የተጻፈ ነገር ካለ ደግሞ ክኒዚ። አባቴ በልጅነቴ "ቤት" ሲሠራ "ቤተ" ይሆናል ብለው በግዕዝ ስላስጨነቁኝ አንዱን ጠባይ አውቀዋለሁ። ስድስቱን እዚህ ተቀበልሁ። ጠረጴዛ ወንድ ነው፣ መጽሐፍ ሴት፣ መስኮት ገለልተኛ። ላስታ ውስጥ ጋዜጠኛ ሆኜ ገለልተኛ ለመሆን ያላየሁት መከራ የለም፤ የልቪቭ መስኮት ያለ ምንም ጥረት ሆኖት አገኘሁት። ጻፍሁ ለማለትም መጨረስ አለመጨረስህን አስቀድመህ ማሳወቅ አለብህ፤ ስትጽፍ ከነበርህ ፒሳው፣ ጽፈህ ከጨረስህ ናፒሳው። አለቆቼ ሁልጊዜ የሚፈልጉት ናፒሳው እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ይህን ሁሉ የማጠናው ለጨዋታ አልነበረም። ቀን ቀን ዳቦ ቤት ሳጥን እጭናለሁ። አንድ የሰፈር ሬዲዮ የቋንቋ ፈተናውን ካለፍሁ በዘጋቢነት ሊሞክረኝ ተስማምቷል። ካላለፍሁ ሳጥኑ አለ።

የቃል ፈተናው ቀን ከጠረጴዛው ማዶ ሁለት ፈታኞች ተቀምጠዋል። ጠያቂዋ ፓኒ ሃሊና፣ በእኛ ወይዘሮ ሃሊና፣ የሚባሉ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው፤ ሌላው ሰውዬ ሰዓት ይይዛል። ኦክሳና "ጤና ይስጥልኝ ብለህ ቀጥታ የጥያቄውን ካርድ አንብብ" ብላኝ ነበር። ካርዱ ስለ መኖሪያ ክፍሌ ይጠይቃል። እኔ ግን በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሴት ፊት ተቀምጬ ስለ አልጋና ቁም ሣጥን ማውራት አልሆነልኝም። እንዴት አደሩ አልሁ። ጤናዎ፣ ቤትዎ፣ ከብት ስለሌላቸው እሱን ዘለልሁ፣ ልጆችዎ ሁሉም ደህና ናቸው?

ሰውዬው ሰዓቱን አየ። ፓኒ ሃሊና ካርዱን ገልብጠው አስቀመጡት።

"ልጄ ግንባር ነው። ከእሑድ ወዲህ አልደወለም" አሉ።

ላስታ ውስጥ ይህን የሰማ ሰው ተነስቶ አይሄድም። መቼ ነበር የመጨረሻው፣ ድምፁ እንዴት ነበር፣ ከማን ጋር ነው ብዬ ጠየቅሁ። እሳቸውም ነገሩኝ። የእኛም አገር ስልክ እንደሚጠፋ፣ የጠፋ ስልክ ሁሉ ክፉ ወሬ እንዳልሆነ ነገርኋቸው። በመጨረሻ "እግዚአብሔር መልካሙን ያሰማዎ" ለማለት ሞከርሁ። የቃሉን መጨረሻ አረሙልኝ፤ ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው "እስቲ ድገመው" አሉኝ። ደገምሁት። ሰዓቱ አለቀ።

ውጤቱ በሳምንቱ መጣ። ከካርዱ ጥያቄዎች አንዱንም ስላልመለስሁ ወድቄአለሁ፤ በጸደይ ተመልሼ መፈተን እችላለሁ። ደንቡ ትክክል ነው፤ እኔም ብሆን ይህንኑ እዘግብ ነበር።

ገነተ ማርያም ኔትወርክ የመጣ ቀን አባቴን በስልክ አገኘኋቸው። ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ ጎረቤቱ ተጠያየቅን። ፈተናውን ጠየቁኝና ሁሉንም እንደሆነው ነገርኋቸው። መውደቄን የሰሙም አይመስሉም።

"የሴትዮዋ ልጅ ደወለ ወይ?"

አላወቅሁም አልኋቸው። ሴትዮዋ ቢሮ ሄጄ እንዳልጠየቅሁም ነገርኋቸው።

"ታዲያ ምኑን ጋዜጠኛ ሆንህ?" አሉኝ፤ ልመልስ አፌን ስከፍት ኔትወርኩ ሄደ።