ነህምያ የፈረመበት ዱላ

ኤርጫፎ ሲቀላ ውስጥ ፑል ቤት ከከፈተ ወዲህ ያልተባለው የለም። ቦዘኔ ሰብሳቢ ተባለ፣ የሰው ልጅ አበላሽ ተባለ። ሰው ምን ቸገረው፣ አፍ እንደሆነ አይከራይ! ኤርጫፎን የከነከነው ግን የአባቱ ነው። አባቱ አቶ ኦይታ ከደጋው ከካምባ በወረዱ ቁጥር እሱ ቤት ያድራሉ እንጂ ከጎን ያለውን ፑል ቤት ረግጠውት አያውቁም። «እዚያ ሰው አያድግም» ይላሉ፤ አለቀ።

ነህምያ ግን እዚያው አድጓል። እዚሁ አጠገብ የጫኖ መንደር ልጅ ነው፤ ከኳስ ልምምድ መልስ ፑል ሲጫወት ያመሽ ነበር፣ ዛሬ አዲስ አበባ ትልቅ ክለብ ገብቷል። አምና ለእረፍት ሲመጣ ኤርጫፎ ነህምያ ድሮ ይጫወትበት የነበረውን የፑል ዱላ አውርዶ «ፈርምልኝ» አለው። በቤቱ የተገኘው አንድ ሰማያዊ እስክሪፕቶ ነው። እንጨቱ ቫርኒሽ የተቀባ ስለሆነ እስክሪፕቶው አልጽፍ አለ። ነህምያም ጥርሱን ነክሶ፣ እየተጫነ እየደጋገመ «ያደግኩት እዚህ ነው። ነህምያ» ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ወዲህ ያ ዱላ ተጫዋች እጅ አልገባም። በሲቀላ ሙቀት የማያልበው እጅ ከየት ይመጣል? ኤርጫፎ ላብ እንዳያጠፋው በፌስታል ጠቀለለው፣ ፀሐይ እንዳያነጣው ጥላ ያለበት ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ሚስቱ በለጥሽ «እኔን እንዲህ ጠብቀኸኝ አታውቅም» እያለች ትስቅበታለች። እሱ ግን የሚያስቅ አልሆነለትም። አባቱ አንድ ቀን ብቅ ቢሉ የሚያሳያቸው ሌላ ምስክር የለውም።

መስቀል ባለፈ ሰሞን ሽማግሌው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ ይዘው መጡ። በለጥሽ በጆሯቸው ምን ሹክ እንዳለቻቸው እሷ ታውቃለች፤ ቅቤያቸውን እንደያዙ የፑል ቤቱን ደፍ ተሻገሩ። ኤርጫፎ ዱላውን አውርዶ ፌስታሉን ፈታና ጽሑፉን አነበበላቸው።

«ይህን ያለው ልጅ የታለ?» አሉ።

«አዲስ አበባ ነው፣ አባባ።»

ሽማግሌው ዱላውን ተቀበሉት። ኤርጫፎ ወንበር ሊያመጣላቸው ጓዳ ገባ። በእነሱ አገር ሰው ሲከበር አናቱን ቅቤ ይቀባል። የሚከበረው ልጅ ከሌለስ? ዱላው ይቀባዋ! ኤርጫፎ ሲመለስ አባቱ ዱላውን በቅቤ አርሰው በጋቢያቸው ጫፍ እያሹት ነው። የጋቢው ጫፍ ሰማያዊ ሆኗል።

ኤርጫፎ ያመጣውን ወንበር ጥሎ ቀረባቸው። አባት ላይ አይጮኽ ነገር። «አባባ፣ አጠፉት እኮ» አለ።

ዱላውን ተቀብሎ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። የጠበቀው ሁሉ፣ የታገሠው ስድብ ሁሉ ጋቢ ላይ ቀረ። ተናደደ፣ አለቀሰም ማለት ይቻላል። ቅቤውን በአውራ ጣቱ ሲጠርግ ጣቱን አንድ ነገር ያዝ አደረገው። ደግሞ ያዝ አደረገው። ዱላውን ወደ ብርሃን አዘነበለው። ቀለሙ ሄዷል፤ ጽሑፉ ግን አለ አይደል! ያ አልጽፍ ያለ እስክሪፕቶ፣ ያ ሁሉ ጥርስ ነክሶ መጫን፣ እንጨቱን ቦርቡሮት ኖሯል። ከ«ያደግኩት» እስከ «ነህምያ» በጣቱ አነበበው። እፎይ አለ፣ ከአንጀቱ። ለካ ዓመት ሙሉ ሲጠብቅ የከረመው ቀለም ነው!

«ጠፋ?» አሉ ሽማግሌው፣ ከኋላው ቆመው። እሳቸውም ደንግጠው ነበር።

«አልጠፋም፣ አባባ። እንጨቱ ውስጥ ገብቷል።»

ሽማግሌው የራሳቸውን ጣት አስኬዱበት። ቆይተው ከቅጠሉ ላይ የቀረውን ቅቤ ዛቁና «ጎንበስ በል» አሉት።

«ለምን?»

«ያሳደገውስ ሳይቀባ ይቀራል?»

ኤርጫፎ ጎንበስ አለ። የሲቀላ ሙቀት ነውና ቅቤው ወዲያው ቀልጦ በግንባሩ ወረደ፣ ዓይኑ ውስጥም ገባ፤ እሱ ግን አልጠረገውም።