የዐም ወዲዕ መዶሻ

ሐጃ ተፊዳ በግብፅ፣ በማላዊ ከተማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሞቱ ሴቶችን አጥባና ገንዛ ስትሸኝ የኖረች መበለት ናት። ሬሳ አትፈራም። እንዲያውም «ሙት ከሕያው ይሻላል፤ ሲያጥቡት ውሃው ቀዘቀዘ ብሎ አይነጫነጭም» ትላለች። በሬሳው ራስጌ ቆመው ለሚያለቅሱ ሴት ልጆች የምትለውም የታወቀ ነው፦ «ነፍስ ከወጣች በኋላ ወደ በርዘኽ ትሄዳለች፤ እስከ ፍርድ ቀን እዚያው ትቆያለች፤ ወደዚህ የሚመልስ መንገድ የለም።» ይህን የያዘችው ከመስጊዱ ኢማም ከሼህ መሕሩስ ነው፤ ከሳቸው አሳምራ ትናገረዋለች የሚሉም አሉ።

ይህችው ሴትዮ ታዲያ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ በአሮጌው የጥጥ መዳመጫ በኩል እለፊ ቢሏት ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። እዚያ አንድ ሠራተኛ በቀትር የመዳመጫው መኪና በልቶት ሞቷል። ደሙ የፈሰሰ ሰው በሞተበት ሰዓት በሞተበት ቦታ እንደሚነሳ ደግሞ በማላዊ የማያውቅ የለም። ጎረቤቶቿ «መመለሻ የለም ትይ አልነበር?» ብለው ሲተርቧት፣ «እኔማ ብያለሁ፤ ለሙቶቹ ማን ይንገራቸው?» ብላ ታልፋለች። ሁለቱ እምነቶች በልቧ ውስጥ ማዕድ ቤት እንደተካፈሉ ጣውንቶች ነበሩ፤ አይነጋገሩም፣ ግን አይጣሉም።

ኋላ ጣሪያዋ ላይ አንድ ክፍል ልታሠራ ግንበኛውን ዐም ወዲዕን ቀጠረች። ሰው ሁሉ ዐም፣ ማለትም አጎት፣ የሚለው ወዲዕ ክርስቲያን ነው፤ ከሰው ይልቅ ከጡብ ጋር የሚግባባ ዝምተኛ ሰው። ግድግዳው ወገቡ ላይ ሲደርስ፣ አንድ ቀን በቀትር የቆመበት ጣውላ ከዳውና ከላይ ግቢዋ ውስጥ ወደቀ። ሮጣ ደርሳ የደማ ራሱን ጭኗ ላይ ስታደርገው ነፍሱ ወጥታ ነበር። ዘመዶቹ መጥተው ወሰዱት፤ በወጋቸው ገንዘው ቀበሩት። ሙስሊም ቢሆን እንኳ ወንድ ነውና እሷ እንደማታጥበው ታውቃለች። ቢሆንም «ግቢዬ ውስጥ የሞተ ሰው እጄ ሳያጥበው ሄደ» ብላ ቅር አላት።

በሦስተኛው ቀን በቀትር፣ የዳቦውን ሊጥ ፀሐይ እንዲያቦካው ጣሪያው ላይ አኑራ ስትወርድ ከላይ ሰማች። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ጡብ የሚያስተካክል መዶሻ ነው። ወጥታ ብታይ ማንም የለም።

ነጠላ ጫማዋን እንኳ በትክክል ሳታጠልቅ ወደ ሼህ መሕሩስ ሄደች።

«ሙት አይመለስም» አሉ ሼሁ። «አንቺ ራስሽ ስንቱን ያስተማርሽው!»

«እሱስ ልክ ነዎት። ታዲያ የሚያንኳኳው ማነው?»

«ጂኒ ይሆናል። ጂኒ የሰው ድምፅ ያስመስላል።»

«የመዶሻም?»

«የመዶሻም።»

«እንግዲህ ከቤቴ ያለው ጂኒ ነው፤ ወዲዕ አይደለም። አሁን ይኼ ማጽናናትዎ ነው?»

ሼሁ አንዳንድ አንቀጾችን እንድታነብ መከሯት። መጥተው ያንብቡልኝ ስትላቸው ግን ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ነገሯት። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ በቤቷ በኩል ማለፍ ትተው ወደ መስጊድ በላይኛው መንገድ መሄዳቸውን ሐጃ ተፊዳ ልብ አለች፤ ይሻላል፣ ጥላ አለው ብለዋል አሉ።

የቀራት አያቶቿ የሚያውቁት መላ ነው። ደም የፈሰሰበት ቦታ ላይ አዲስ ምስማር ከተመታ ሙቱ አይነሳም። ገበያ ወጥታ የጣት ርዝመት ያለው ምስማር ገዛች። ወሬው ግን ቀድሟት የዐም ወዲዕ ሚስት ኡም ቢሾይ ዘንድ ደርሶ ኖሮ፣ ስትመለስ ጥቁር የለበሰችው ሴት ባሏ የወደቀበት ቦታ ላይ እግሯን አጥፋ ተቀምጣለች።

«ባሌን ልትቸነክሪው ነው?» አለች።

«ኧረ አላህ ያውቃል፣ ኡም ቢሾይ! እንዲያርፍ ብዬ ነው እንጂ።»

«ማረፍ ቢፈልግ መቼ ያንኳኳ ነበር?»

«ቄሳችሁ ምን አሉሽ?»

«ገነት ገብቷል፣ ትንሣኤን ይጠብቃል፣ የሞተ ሰው አይመጣም አሉኝ።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ኡም ቢሾይ ሽቅብ አየቻት። «አባ ቢሳንቲ ወዲዕን አያውቁትም። ሠርጋችን ዕለት እንኳ የሰው አጥር ሳይጨርስ አልመጣም፤ እጁ ኖራ እንደሆነ ነው ቀለበቱን ያጠለቅሁለት። ይኼን ግድግዳ እንዲህ ትቶ የትም አይሄድም።»

በዚህ መሐል ከላይ ኳ፣ ኳ አለ። ሐጃ ተፊዳ ምስማሩን ኪሷ ከተተችና ሻይ ልትጥድ ገባች።

ከዚያ ወዲያ ኡም ቢሾይ በየቀትሩ አይብና ቲማቲም ይዛ ትመጣለች፤ ሐጃ ተፊዳ ዳቦ ታቀርባለች። መዶሻው ሲጀምር ኡም ቢሾይ ወደ ላይ ትነግረዋለች፦ «ልጅህ ቢሾይ ፈተናውን አለፈ። ወንድምህ ደግሞ አህያዋን ሸጣት፣ እንደፈራኸው!» ሐጃ ተፊዳ መጀመሪያ ላይ ከበሩ ሳትርቅ ትሰማ ነበር፤ በሁለተኛው ሳምንት «በስንት ሸጣት?» ብላ መግባት ጀመረች።

ወሬው ሲበዛ ሼሁና ቄሱ አንድ የለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተገናኝተው ተማከሩ። ነፍስ የት እንደምትሄድ የሚስማሙበት ነገር ጥቂት ነው፤ ሐጃ ተፊዳ ግቢ እንደማትሄድ ግን ያለ ክርክር ተስማሙ። ይህንኑ ነግረው መልክተኛ ላኩ። መልክተኛው በር ላይ ቆሞ ተናግሮ፣ ግባ ሲሉት አልገባም።

አንድ ቀን ሐጃ ተፊዳ ጎረቤት መንደር ሬሳ ልታጥብ ሄዳ አደረች። ልጇ ረጀብ «እናቴን ላስደስታት» ብሎ ሌላ ግንበኛ አምጥቶ ግድግዳውን አስጨረሰው። በማግስቱ ቀትር ሁለቱ ሴቶች እንደ ልማዳቸው ተቀመጡ። ምንም የለም። አይቡ አለቀ፤ ምንም የለም። የኡም ቢሾይ ፊት እየጨለመ ሲሄድ ሐጃ ተፊዳ አየች።

«ሰማሽው?» አለቻት ሳታስበው። «ዛሬ ቀስ ብሎ ነው።»

ኡም ቢሾይ ጆሮዋን አዘነበለች። ቆይታ «አዎ» አለች፤ «ደክሞታል።»

ሐጃ ተፊዳ በሙት ስም ዋሽታ አታውቅምና እንቅልፍ አጣች። ወደ ሼሁ ተመለሰች።

«የሌለ ነገር ሰማሁ ማለት ኃጢአት ነው?»

«ውሸት ነዋ!»

«ድሮም የለም ብለውኛል እኮ። ስሰማው የለም ካሉኝ፣ ሳልሰማው አለ ማለቴ ከየትኛው ይቆጠራል?»

ሼህ መሕሩስ ጢማቸውን አሹ። መጽሐፍ አይቼ እነግርሻለሁ አሏት፤ እስካሁን እያዩ ነው።

በበጋ የኡም ቢሾይ ሴት ልጅ አሌክሳንድሪያ ከተማ ወለደች፣ እናትየውም ልታርሳት ሄደች። በየእሁዱ ትደውላለች። «ያንኳኳል?» ትላለች።

«ያንኳኳል።»

«ታወሪዋለሽ?»

«ምን ሥራ አለኝ ሌላ?»

ይህኛው እንኳ ውሸት አልነበረም። በቀትር ከጣሪያው ሥር ተቀምጣ፣ ለተጠናቀቀው ግድግዳ ወሬ ታወራለች፦ የሽንኩርት ዋጋ፣ የረጀብ ሚስት ኩርፊያ። አንድ ቀን ጎረቤቷ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ «ሐጃ፣ ከማን ጋር ነው?» ብትላት፣ «ከዐም ወዲዕ» አለቻትና ወደ ወሬዋ ተመለሰች፦ «ልጅህ ሴት ልጅ ነች የወለደችው። ያንተን አፍንጫ ይዛለች አሉ፤ እግዜር ይሁናት።»