ካፖርቱን ነው ቅማሉን?

የልጅ ልጄ ጃኬት አንገት ላይ አንዲት ትንሽ ጨርቅ ተሰፍታለች። በምን ዓይነት ውኃ እንደሚታጠብ፣ ይተኮስ አይተኮስ፣ ፀሐይ ይንካው አይንካው፣ ሁሉም በሥዕል ተነግሯል። ልጅቱ እሷን አይታ ታጥባለች። ጃኬቱ ቢበላሽ ጥፋቱ የራሷ ነው፤ ደህና ከወጣም ምስጋናው የራሷ ነው። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ሙሽራ ሆኜ አሰላ ስገባ በቤታችን ካፖርት አንገት ላይ የተሰፋ ነገር አልነበረም። ስለ አጣጠቡ የሚናገሩት አማቴ ነበሩ። ጨርቋ ግን አማቴን በአንድ ነገር ትበልጣቸዋለች፤ የተናገረችውን መልሳ አትክድም።

ካፖርቱ ባሌ ከሁሩታ ገበያ ከሰልባጅ ነጋዴ የገዛው፣ ድሮ የወታደር የነበረ ወፍራም ሱፍ ነው። ከጉልበት በታች ይወርዳል። አዝራሮቹ ሁለቱ የነሐስ፣ የቀሩት የቀንድ ነበሩ። ሲደርቅ ሰው ያሞቃል፣ ሲርስ እንደ ጥጃ ይከብዳል።

እኔ ኦጎልቾ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። የእኛ አገር ሰው ብርድ ሲባል ጥላ ሥር መቀመጥ ይመስለዋል። አሰላ ገብቼ የጭላሎ ነፋስ ጆሮዬን ሲይዘኝ፣ ኅዳር ላይ ደጅ ያደረው ውኃ ፊቱ ረግቶ ሳገኘው፣ አባቴ የዳረኝ ለሰው ይሁን ለበረዶ ግራ ገባኝ።

ካፖርቱ የቤቱ ሁሉ ነው ይባል ነበር። ቀን ባሌ ይለብሰዋል፤ እህል ነጋዴ ስለሆነ በበቅሎ ጎበሳና ሁሩታ ይመላለሳል። ባሌ ቤት ሲገባ ደግሞ አማቴ ተቀብለው እግራቸው ላይ ይጥሉታል። እኔም ከቤቱ ሰው የምቆጠር መስሎኝ አንድ ቀን ውኃ ልቀዳ ስወጣ ልደርበው ጠየቅሁ።

«ሴት ካፖርት ለብሳ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉኝ አማቴ።

«እርስዎስ እማማ፣ ማታ ማታ አይለብሱትም?»

«እኔ መች ለበስኩት? እግሬ ነው የሚለብሰው።»

የአማቴ እግር ወንድ መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

የእኔ ድርሻ ማጠብ ነበር። ይህንን ማንም አልተሻማኝም። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ እንዴት እንደሚታጠብም አላውቅም ነበር፤ ያስተማሩኝ ከቤታችን ዝቅ ብሎ ባለው በረንዳ ላይ የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ ናቸው። የአርሲ ሰው፣ እስላም፣ አማርኛና ኦሮምኛን በአንድ ትንፋሽ የሚያስኬዱ። እኔን «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

«ኢንተላ ኮ፣ ሱፍ ማለት የበግ ጠጉር ነው» አሉኝ። «በግ ዝናብ ይመታዋል፣ ምንም አይሆንም። በግ የሚቀቀለው ግን ለወጥ ነው።»

እንግዲህ ትምህርቴ ይሄው ነው። ጭቃው ደርቆ ሳለ አስቀድሞ በብሩሽ ይራገፋል፤ እርጥቡን የሚፈትግ ሰው ጭቃውን ወደ ውስጥ ይሰፋዋል። ከዚያ ገበቴ ላይ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በእንዶድ አረፋ ብቻ፣ እንደ ሊጥ በመዳፍ እየተጫኑ እንጂ እያሹ አይደለም። አረፋው እስኪለቅ ውኃ እየለወጡ ማለቅለቅ ነው። አይጠመዘዝም። አሮጌ ጋቢ ውስጥ ጠቅልዬ በእግሬ እረግጠዋለሁ፣ ጋቢው ውኃውን ይጠጣል። ከተሰቀለ በገዛ ክብደቱ ተጎትቶ እጅጌው መሬት ይደርሳልና፣ ጥላ ውስጥ ሰሌን ላይ ተዘርግቶ ሦስት ቀን እየተገላበጠ ይደርቃል። በነዚህ ሦስት ቀናት ውስጥ ባሌ ከሥራው ሁሉ የሚበልጥ አንድ ሥራ ነበረው፤ እየመጣ «ደረቀ?» ማለት። አማቴም በበኩላቸው ጣታቸውን ኪሱ ውስጥ ከተው «ገና ነው» ይላሉ። በዚህ ዓይነት ሦስታችንም ስንደክም እንሰነብታለን።

አንድ ጊዜ ባሌ ጎበሳ ሄዶ አንድ የእንግዳ ማደሪያ ውስጥ አድሮ መጣ። አማቴ ካፖርቱን እንደ ልማዳቸው ተቀብለው ወደ እግራቸው ሲወስዱ ኮሌታው ላይ አንድ ቅማል አዩ። የተስቦን ዘመን ያዩ ሰው ናቸውና በመደንገጣቸው አልፈርድባቸውም። ካፖርቱን ከነቅማሉ ወደ እኔ ወረወሩት።

«ቀቅይው» አሉ።

«እማማ፣ ሱፍ አይቀቀልም» አልኩ። «ጋሼ ሰፊው ነግረውኛል። ውርጭ ላይ ይደር፣ ጠዋት ስፌት ስፌቱን በካውያ ልተኩሰው። ቅማሉም ቅጫሙም ይሞታል።»

«ያገባሽ ልጄ ነው ወይስ ሰፊው? ቀቅይው ብያለሁ።»

ባሌን አየሁት። ባሌ ጫማውን አየ። ጫማው ምን እንዳለው አላውቅም፣ ረጅም ጊዜ ተያዩ።

ግማሹ የተቆረጠውን በርሜል ጉልቻ ላይ ጣድኩ። እንጨት ጨመርኩ። ውኃው መንፈቅፈቅ ሲጀምር ካፖርቱን ከተትኩት። አማቴ ከጓዳ ሆነው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ውኃው ይንፈቀፈቅ ነበር። እኔም እሳቱን አስተካከልኩ።

በርሜሉ ውስጥ ሲገባ ጎልማሳ የነበረው ካፖርት ሲወጣ ልጅ ሆኖ ወጣ። እንደ ባና ወፍሮ፣ እንደ ሳንቃ ደርቆ፣ ከጉልበት በታች ይወርድ የነበረው ወገብ ላይ ቀረ። ከስንት ቀን በኋላ ደርቆ ባሌ ሲሞክረው እጅጌው ክርኑ ላይ ቆመ፣ ትከሻው አላስገባም አለ። ቅማሉ ግን፣ መቼም እውነት መነገር አለበት፣ ሞቷል።

አማቴ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ቆሙ።

«ልጄን ራቁቱን አስቀረሽው» አሉኝ። «በይ አባትሽ ቤት ሂጂ። እንደዚህኛው ያለ ካፖርት ይዘሽ የመጣሽ ዕለት በሩ ክፍት ነው።»

አባቴ ኦጎልቾ የሚያርስ ሰው ነው። ካፖርት ቢያይ ለበሬው ይሁን ለራሱ የሚጠይቅ ሰው። ከዚያ ቤት ካፖርት ይዤ እመለሳለሁ ማለት አልመለስም ማለት ነው፤ ይህንን አማቴም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ምንጭ ዳር ያሉት ሴቶች ደግሞ ከወዲሁ ስም አውጥተውልኝ ነበር፤ «ቀቃይቱ መጣች» ይባባላሉ። ካፖርት ቀቅላ የተባረረች ሚስት ሆኜ ኦጎልቾ ልገባ ነው።

«አልሄድም» አልኩ። «ሽማግሌ ይጠራ።»

«ለካፖርት ሽማግሌ?»

«ለካፖርቱ አይደለም፣ ለእኔ ነው።»

እሑድ ከቀትር በፊት ሁለት ሽማግሌዎች መጥተው ግቢያችን ውስጥ ካለው ጥድ ሥር ተቀመጡ። አንደኛው የዕድራችን ዳኛ ናቸው። ሁለተኛው በልጅነታቸው ድቁና የቀመሱ፣ ፊደል ሲያዩ ዓይናቸው የሚበራ ሰው። ሰፊውም ለምስክርነት ተጠሩ። ካፖርቱ መሐል ላይ በርጩማ ተሰጥቶት ተቀመጠ። እኔ ቆሜ ነበር፤ ሽማግሌ ፊት ከሙሽራ ይልቅ የተበላሸ ካፖርት የክብር ቦታ ያገኛል።

ዳኛው አማቴን «እርስዎ ይቀቀል ብለዋል?» ብለው ጠየቁ።

«ቀቅይው ብያለሁ» አሉ አማቴ።

«እንግዲህ አለቀ።»

«ምኑ አለቀ? እኔ ቅማሉን ቀቅይው አልኩ እንጂ ካፖርቱን ቀቅይው መች አልኩ?»

 ከዚያ ድቁና የቀመሱት ሽማግሌ በደስታ ወደፊት አጎነበሱ። «ነገሩ እዚህ ላይ ነው» አሉ። «‹ቀቅይው› ሲባል መጨረሻዋ ላይ ያለችው ‹ው› የማን ናት? ለካፖርትም ትሆናለች፣ ለቅማልም ትሆናለች። ሁለቱም ወንድ ናቸው።»

«የምንፈርደው በፊደል ላይ ነው በሰው ላይ?» አሉ ዳኛው።

«ሰው የሚያጠፋው በፊደል ነው።»

ይሄኔ እኔ አልቻልኩም። «እማማ፣ ቅማሉ ስንት ነበር?» አልኩ።

«አንድ።»

«ለአንድ ቅማል ያን ሁሉ በርሜል ከምጥድ ሲኒ አይበቃውም ነበር?»

ሰፊው አቀረቀሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ዳኛው ወደ እሳቸው ዞረው «ልጅቱ አስቀድማ ሱፍ አይቀቀልም ብላለች ወይ?» አሉ። ሰፊው እዚያ እንዳልነበሩ፣ ሆኖም ስለ በጉ የነገሩኝ ራሳቸው መሆናቸውን ተናገሩ። ዳኛው ባሌን ጠየቁት። ባሌ ጫማውን አየ። ጫማው በዚህ ጊዜ አላገዘውም መሰለኝ ቀና ብሎ «ብላለች» አለ። በትዳራችን ዘመን ከተናገረው ሁሉ ይህቺን እወዳታለሁ።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ከዚያ ዳኛው «በሉ ካፖርቱ ራሱ ይመስክር፣ አሁን የማን ነው?» አሉ። ባሌ እንደገና ሞከረው፤ እንደገና ክርኑ ላይ ቆመ። ወደ አማቴ ዞሩ።

«እኔ ካፖርት አልለብስም» አሉ አማቴ።

«እግርዎ ይሞክረው እንግዲህ» አልኩ እኔ።

«ተይ አንቺ ልጅ» አሉ ዳኛው፤ ግን ካፖርቱን ያቀበሉት ለእኔ ነው። ለበስኩት። እጅጌው አንጓዬ ላይ ደረሰ፣ ትከሻው ቁጭ አለ፣ አዝራሩ እስከ አንገቴ ተቆለፈ። ሰፊው በዓይናቸው ለክተው «እኔ ብሰፋው እንዲህ አይሆንም» አሉ።

ፍርዱ እንዲህ ነበር። ሙሽራይቱ የትም አትሄድም። ካፖርቱ ልክ ለሆነው ይሁን። ከእንግዲህ ደግሞ በዚህ ቤት የለበሰ ያጥባል። የመጨረሻዋን እኔ ነኝ የጨመርኳት፤ ዳኛው ለመሄድ ቸኩለው ስለነበር አጸደቋት።

ያን ታኅሣሥ ካፖርቴን ለብሼ ውኃ ቀዳሁ። «ቀቃይቱ» ይሉኝ የነበሩት፣ ምንጭ ዳር ጥርሳቸው በብርድ የሚንገጫገጨው ሴቶች ጨርቁን በጣታቸው እየነኩ እንዴት አድርጌ እንደቀቀልኩት ይጠይቁኝ ጀመር። ባሌ ሁለት ጋቢ ደርቦ ይነግድ ነበር፤ አልሞተም።

አማቴ ግን እሳት ዳር ተቀምጠው እግራቸውን በእጃቸው ማሸት አበዙ። «የዘንድሮ ብርድ ከእግር ይጀምራል» ይላሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለእሳቱ። ከአሥር ቀን በላይ ለእሳቱ ነገሩት። እሳቱ መልስ ስላልሰጣቸው እኔ ሰጠሁ።

«ማታ ማታ እግርዎ ይልበሰው፣ እማማ። ቅዳሜ ግን እግርዎ ያጥባል።»

 ቅዳሜ ጠዋት ወጥቼ ሳይ ገበቴው ደጅ ነው፣ እንዶዱ ተወቅጧል፣ አማቴ እጅጌያቸውን ጠቅልለው በዚያ ውርጭ ካፖርቱን በመዳፋቸው እየተጫኑት ነው። እንደ ሊጥ። አላሹትም፣ አልጠመዘዙትም። ስንት ጊዜ ሳጥብ ሲያዩኝ ኖረው እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እጃቸው እንደ ሚጥሚጣ ቀልቷል።

አጠገባቸው ቆምኩ። የምደሰት መስሎኝ ነበር።

«ያን ዕለት» አሉ ቀና ሳይሉ፣ «ካፖርቱን በከተትሽበት ዕለት፣ ከጓዳ ሆኜ ‹ይበቃል፣ አውጪው› ስልሽ ሰምተሻል አይደል?»

ለሰው ፍርድ አይጉደል ብዬ ሽማግሌ የጠራሁ ሴት ነኝ። ሽማግሌዎቹ ማን ቀቅይ አለ ብለው ጠየቁ እንጂ ማን አውጪ አለ ብለው አልጠየቁኝም፤ እኔም ያልተጠየቅሁትን አልመለስኩም ብዬ ስንት ቀን ከራሴ ጋር ስሟገት ነበር። ያን ዕለት «አውጪው» ሲሉኝ ሁለት ፍልጥ ጨምሬያለሁ። ቀቅይው የተባለ ነገር በደንብ ይቀቀል ብዬ ነው።

«ሰምቻለሁ» አልኩ።

«አውቄአለሁ» አሉ።

«ታዲያ ለሽማግሌዎቹ ለምን አልተናገሩም?»

«ቅማሉን ነው ያልኩት ብዬ ከዋሸሁ በኋላ ማን ያምነኛል?»

ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር፣ ያዝኩት። የለበሰ ያጥባል ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቀን ቀን የምለብሰውም እኔ ነኝ። ቁጢጥ ብዬ ከፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ውኃው ጣቴን እንደ እሾህ ወጋው። አማቴ አንዱን እጅጌ ወደ እኔ ገፉልኝ፣ ሌላውን ለራሳቸው አስቀሩ።